ታሪክን በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ስለ ማጥናት፦ «ተርከሃል እንጂ አልጠየቅህም» የሚለውን አስተያየት እንዴት ልረዳው?

የወረኢሉ ልጅ (ጠያቂ)

ለተከበራችሁ የታሪክ ወዳጆች በሙሉ፣

በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በታሪክና ቅርስ አስተዳደር ትምህርት ክፍል የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ወደዚህ ክፍል የገባሁት ሌላ አጥቼ ሳይሆን በመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የነገሥታቱን ቅደም ተከተል፣ የጦርነቶቹን ቀንና ቦታ፣ የውሎቹን አንቀጽ በቃሌ ይዤ እመልስ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት በጋራ የወሰድነውን የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ኮርስም በጥሩ ውጤት አልፌያለሁ።

በዚህ ሴሚስተር ግን ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠመኝ። ስለ ዐድዋ ጦርነት ጽሑፍ እንድናቀርብ ታዘን፣ እኔም ከክተት አዋጁ ጀምሬ፣ ከኅዳር 28 ቀን የአምባላጌ ውጊያና ከመቀሌው ከበባ አልፌ፣ እስከ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ድረስ የሆነውን ሁሉ በቅደም ተከተል አስፍሬ አስረከብኩ። ጽሑፉ ሲመለስልኝ መምህሬ በመጨረሻው ገጽ ላይ «የሆነውን በሚገባ ተርከሃል፤ የጠየቅኸው ጥያቄ ግን የትኛው እንደሆነ አላገኘሁትም» ብለው ጽፈውበታል። ቢሯቸው ሄጄ እንዲያብራሩልኝ ስጠይቃቸው ምንጮቼን እርስ በርሳቸው እንዳነጋግራቸው ነግረው አሰናበቱኝ፤ ሌሎች ተማሪዎች ተሰልፈው ስለነበር ከዚያ በላይ ልቆይ አልቻልኩም።

ልረዳው የምፈልገው ይህንን ነው። ታሪክ የሆነውን ነገር መናገር ካልሆነ ምንድን ነው? ሁለት ምንጮች ሲጋጩ አንዱን ለማመን ሌላውን ለመጣል መመዘኛው ምንድን ነው? የመመረቂያ ጽሑፌን ርዕስ የምመርጥበት ጊዜ እየቀረበ በመሆኑም፣ ከዚህ መንገድ ያለፋችሁ ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ መምህርህ የጻፉልህ አስተያየት የሚያስከፋ ሳይሆን የሚጠቅም ነው። ይህንኑ ትምህርት ለብዙ ዘመን ሳስተምር ኖሬያለሁና፣ ምን ለማለት እንደፈለጉ በመሰለኝ መጠን ላስረዳህ።

በትምህርት ቤት የሚሰጠው ታሪክ ያለቀለት ታሪክ ነው። መጽሐፉን ያዘጋጁት ሰዎች ከብዙ ምንጭ መርጠው፣ የሚጋጨውን አስታርቀው፣ የሚያጠራጥረውን ትተው ያቀረቡትን ተማሪው ይቀበላል፤ ፈተናውም መቀበሉን ይመዝናል። ይህ የሚናቅ አይደለም፤ ምን ከምን ቀጥሎ እንደመጣ የማያውቅ ሰው ስለ ምክንያትና ውጤት ሊናገር አይችልም። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ግን የምትማረው ያ መምረጥ፣ ያ ማስታረቅ፣ ያ መጠራጠር እንዴት እንደሚከናወን ነው። ስለዚህ ከአንተ የሚጠበቀው ስለ ዐድዋ መልሱ በቀላሉ የማይገኝ አንድ ጥያቄ አንሥተህ፣ መልስህን በማስረጃ አስደግፈህ፣ ሌላ መልስ ይዞ የሚመጣ ሰው ቢኖር ያንተ ለምን እንደሚሻል ማሳየትህ ነው።

በራስህ ርዕስ ላሳይህ። በ1880 ዓ.ም. አካባቢ፣ ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ወደ አገራችን ገባ። የእርሻ በሬዎች አለቁ፤ ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተጨመሩበት፤ ሕዝቡ እስከ ዛሬ ክፉ ቀን እያለ የሚጠራው ረኃብ እስከ 1884 ዓ.ም. አካባቢ አገሩን ፈጀው። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ብቻ እንዳለፉ፣ በ1888 ዓ.ም. መባቻ፣ ዐፄ ምኒልክ የክተት አዋጅ አስነግረው ወደ 100,000 የሚገመት ሠራዊት ወደ ሰሜን አዘመቱ፤ ሠራዊቱም ለወራት በጦር ሜዳ ቆየ። እንግዲህ እንዲህ ብለህ ጠይቅ፦ የእርሻ በሬዎቿ አልቀውባት ገና ያላገገመች አገር ያን ሁሉ ሰው በምን መገበችው?

ይህ ጥያቄ ከተነሣ በኋላ በቃልህ የምታውቀው ታሪክ ሁሉ ሌላ መልክ ይይዛል። ከጦርነቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የታወጀው የአሥራት ግብር፣ ወታደሩ በገበሬው ቤት እየተመራ ያገኘውን ከሚበላ ይልቅ ከምርቱ አንድ አሥረኛው ተሰብስቦ ለስንቅ እንዲውል የታሰበ ነበር። በእርግጥ በሥራ ላይ ውሎ ነበርን? በየትኛው አውራጃ? በዐፄ ምኒልክ ሥር በቅርቡ የገቡት የደቡብ፣ የምዕራብና የሐረር ግዛቶች ያዋጡት ድርሻ ምን ያህል ነበር? በሠራዊቱ መንገድ ላይ ያለው ገበሬስ፣ በተለይ የትግራይ ገበሬ፣ በሁለት ሠራዊቶች መካከል ሆኖ ምን ከፈለ? በየካቲት ወር የኢትዮጵያ ሠራዊት ስንቅ ወደ ማለቁ ተቃርቦ እንደነበር፣ ጄኔራል ባራቲየሪም በስንቅ እጥረት እየተቸገረ በአንድ በኩል መመለስን ሲያስብ በሌላ በኩል ከሮም ከጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ የሚወቅስ ቴሌግራም እንደደረሰው የታወቀ ነው። እንግዲህ የዐድዋን ጠዋት ያመጣው የጀግንነት ብቻ ሳይሆን የእህልም ጉዳይ ነበር ብለህ ልትከራከር ትችላለህ። ትክክል ትሆናለህ ወይም ትሳሳታለህ፤ ነገር ግን መምህርህ ጥያቄህን አያጡትም።

ወደ ምንጮቹ ስትሄድ ደግሞ እያንዳንዱን ማን፣ መቼ፣ ለማን፣ ምን ፈልጎ እንደጻፈው ሳትጠይቅ አትለፍ። ባራቲየሪ ከሽንፈቱ በኋላ በወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነፃ ቢወጣም ስሙ ጎድፎ ስለነበር፣ በኋላ ያሳተመው ማስታወሻ በአመዛኙ ራሱን የሚከላከልበት ጽሑፍ ነው። በአንጻሩ የዐፄ ምኒልክን ዜና መዋዕል የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የቤተ መንግሥት ሰው ስለሆኑ የሚያዩት ከንጉሡ ድንኳን ሆነው ነው። በዚህ ምክንያት ሁለቱንም መጣል የለብህም። ስሙን ለማጽዳት የሚጽፍ ጄኔራል የስንቁን ቁጥር ሊያጋንን ወይም ሊያሳንስ ይችላል፤ ሳያስበው የሚነግርህ ነገር ግን ብዙ ነው። ለንጉሡ ክብር የሚጽፍ ጸሐፊም የሰፈሩን ስምና የጉዞውን ቀን የሚያዛባበት ምክንያት የለውም። ምንጭ አንድ ነገር ለማሳመን ብሎ የሚናገረውን ከሌላ ምንጭ ጋር አስተያየው፤ እግረ መንገዱን የሚጥለውን ግን በጥንቃቄ ልቀመው።

ስለ ገድላትም ሰዎች ተአምር አለበት ብለው ሲተዉት አያለሁ፤ ይህ ታላቅ ኪሳራ ነው። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. ከ1270 እስከ 1527 ያለውን የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ግንኙነት ሲያጠኑ በገድላት በሰፊው ተጠቅመዋል። ገድል ጻድቁ ከየትኛው አገር ገዥ ጋር እንደተጣላ፣ ገዳሙ በየትኛው መሬት ላይ እንደተተከለ፣ ደቀ መዛሙርቱ ወዴት እንደተበተኑ ይነግርሃል፤ እነዚህን ለማንበብ ተአምሩን መቀበልም መካድም አያስፈልግህም።

አንድ የሚያሳዝነኝን ነገር ብጨምር አትቀየመኝ። ዛሬ ብዙ ተማሪ ሞጁልና ሃንድአውት ብቻ አንብቦ ይመረቃል። ስለ አንድ ጉዳይ ቢያንስ ሁለት የማይስማሙ ጥናቶች ሙሉውን አንብብ፤ ከዋናው ጽሑፍ በፊትም የግርጌ ማስታወሻዎቹን ተመልከት። ጸሐፊው የት የት ሄዶ ምን እንዳየ፣ የትኛውን ቋንቋ እንደማያነብ፣ በማን ላይ እንደተመረኮዘ የሚታወቀው እዚያ ነው።

ተመራማሪ ከጎንደር

መምህር ስለ ዐድዋ ያሉት ሁሉ በሌላ ዘመንም እንደሚሠራ ለማሳየት አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ ወንድሜ ምንጮች ሲጋጩ ምን ላድርግ ብለህ ለጠየቅኸው ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አላውቅም።

ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ነገሡ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሞቱ። ስለ እርሳቸው በአማርኛ የተጻፉ ከአንድ በላይ ዜና መዋዕሎች አሉን። ከእነዚህ አንዱ የአለቃ ዘነብ ነው፤ ዘነብ ንጉሡን በቅርብ የሚያውቁና የሚያደንቁ ሰው ሲሆኑ፣ ጽሑፋቸውም የንጉሡ ፍጻሜ ላይ ሳይደርስ ያቆማል። ሌላው የአለቃ ወልደ ማርያም ነው፤ እርሳቸው ለአቡነ ሰላማ የቀረቡ ነበሩ፤ የጻፉትም ንጉሡ ካለፉ በኋላ ነው። አቡነ ሰላማ ደግሞ ከንጉሡ ጋር ተጣልተው፣ ታስረው፣ በመቅደላ እስር እንዳሉ ያረፉ ጳጳስ መሆናቸውን አስታውስ።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገህ፣ ንጉሡ በቤተ ክርስቲያን መሬት ምክንያት ከካህናቱ ጋር የገቡበትን ክርክር ብታነብ፣ ልዩነቱ ከሁለቱ አንዱ ዋሽቶ የመጣ እንዳልሆነ ትረዳለህ። አንዱ የጻፈው ተስፋው ሳይደበዝዝ ነው፤ ሌላው የጻፈው መጨረሻውን እያወቀ ነው። መጨረሻውን የሚያውቅ ጸሐፊ ከመጀመሪያው ጀምሮ የውድቀት ምልክት ያያል። ይህ በጽሑፍ ውስጥ ስታስተውለው የምታገኘው ነገር ስለሆነ፣ ማንን ልመን ከማለት ይልቅ እያንዳንዱ ለምን እንዲህ ታየው ብለህ መጠየቅ ትጀምራለህ። ከዚያ የንጉሡን የራሳቸውን የአማርኛ ደብዳቤዎች፣ ንጉሡ ያሰሯቸውን የአውሮፓውያንና የሚሲዮናውያኑን ማስታወሻ ስትጨምርበት የምታገኘው ታሪክ ከማናቸውም አንዱ የበለጠ ይሆናል።

እኔ ራሴ የምሠራው ግን ከዜና መዋዕል ርቆ ነው። በጎንደርና በአካባቢዋ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት የወንጌል መጻሕፍት ባዶ ቅጠሎችና ኅዳጎች ላይ የጉልት (ከመሬት ግብር የመሰብሰብ መብት) ስጦታ፣ የርስት ሽያጭ፣ የውርስና የሙግት ማስታወሻ ተጽፎባቸው ይገኛል። ሰነዱ በአብዛኛው ገዥውንና ሻጩን፣ ዋጋውን፣ ዋሱንና ምስክሮቹን ይዘረዝርና፣ የሚያፈርሰውን በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ አውግዞ ይዘጋል። እነዚህን ስታነብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሴቶች በስማቸው ርስት ሲወርሱ፣ ሲገዙ፣ ሲሸጡና ሲሟገቱ ታገኛቸዋለህ። ከዜና መዋዕል ብቻ የጎንደርን ታሪክ የጻፈ ሰው ከእቴጌይቱና ከወይዛዝርቱ በስተቀር ሌላ ሴት አያገኝም ነበር። ምንጭ ስትቀይር የሚታዩት ሰዎችም አብረው ይቀየራሉ፤ የታሪክ ትምህርት ከሰጠኝ ነገር ሁሉ የምወደው ይህንን ነው።

ለዚህ ሥራ ግእዝ ያስፈልጋል። ትምህርት ክፍልህ ባይሰጥ እንኳ በአቅራቢያህ ያለ የአብነት መምህር ዘንድ ሄደህ ተማር፤ ሰነዶቹ አማርኛና ግእዝ የተቀላቀሉባቸው ስለሆኑ ከዜማና ከቅኔ ሊቅነት ሳትደርስ ብዙ ልታነብ ትችላለህ። ወሎ ተወላጅ ከሆንክ ደግሞ ዐረብኛም አስብበት፤ በአገርህ ከመስጊድና ከመሻይኾች ቤት ያለው መጽሐፍ ገና ብዙ አንባቢ ይፈልጋል።

የቤተ መዛግብት ባለሙያ

ለጠያቂው አንድ ተግባራዊ ነገር ላክል። ወደ እኛ የሚመጡ ተማሪዎች ከሁሉ በላይ የሚሰናከሉት በዘመን አቆጣጠር ነው፤ ክፍል ውስጥም በቂ ጊዜ የሚሰጠው አይመስለኝም።

በኢትዮጵያና በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም 1 ቀን እስከ ታኅሣሥ ወር ማብቂያ አካባቢ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው። የአምባላጌና የዐድዋ ውጊያዎች በእኛ ሁለቱም በ1888 ሲሆኑ፣ በጎርጎርዮሳዊው አንዱ በ1895 ሌላው በ1896 የሚውሉት በዚህ ምክንያት ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጥናት «1888» ሲል የክፉ ቀንን መጀመሪያ፣ በአማርኛ የተጻፈው «1888» ሲል የዐድዋን ዓመት እንደሚያመለክት ካላስተዋሉ፣ ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን ያገናኛሉ። በጽሑፍዎ ውስጥ ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. ሳይጽፉ አንድም ዓመት አይተዉ።

ወደ ኋላ ሲሄዱ ነገሩ ይጠልቃል። ወደ ዓ.ም. ለመለወጥ፣ ሰነዱ በዓመተ ዓለም (ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ) ከተቆጠረ 5500 ይቀንሱለታል፤ በዓመተ ሰማዕታት ከተቆጠረ 276 ይጨምሩለታል። በመካከለኛው ዘመን መጻሕፍት «ዓመተ ምሕረት» የሚለው ብዙ ጊዜ ዛሬ የምናውቀው ሳይሆን በዐቢይ ቀመር፣ ማለትም በ532 ዓመት ዑደት ውስጥ የሚቆጠር ስለሆነ፣ ቁጥሩ ትንሽ መስሎ ቢያዩት አይደንግጡ። መፈተኛው ዓመቱ የሚጠራበት ወንጌላዊ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ጨምረው ለ4 ሲያካፍሉ 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። 1888 ዘመነ ዮሐንስ ነበር። ሰነዱ የሚናገረው ዓመትና ወንጌላዊው ካልተስማሙ ጸሐፊው ተሳስቷል፣ ወይም ሰነዱ ዘግይቶ የተገለበጠ ነው፣ ወይም ሐሰተኛ ነው፤ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ማጣራቱ የእርስዎ ሥራ ይሆናል።

ርዕስ ከመወሰንዎ በፊት በስድስት ኪሎ እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ይጎብኙ፤ ከእርስዎ በፊት የነበሩ ተማሪዎች የጻፏቸው የመመረቂያ ጽሑፎች በዚያ ይገኛሉ። ወደ ወመዘክርም (ወደ ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ሲመጡ ከትምህርት ክፍልዎ የድጋፍ ደብዳቤ ይዘው፣ የሚፈልጉትን ዘመንና አውራጃ አስቀድመው ለይተው ይምጡ። «ስለ ዐድዋ ያለውን ሁሉ» ብሎ ለሚጠይቅ ተማሪ ባለሙያው ሊያወጣለት የሚችለው ነገር ጥቂት ነው።

መምህርት ከደብረ ማርቆስ

ጋሼ ባሉት በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ሆኖም ለትረካ ጥብቅና መቆም እፈልጋለሁ። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህርት ነኝ። ትንታኔ ተምረው የመጡ አዳዲስ መምህራን ክፍል ውስጥ ገብተው ምክንያቶቹን በነጥብ ሲዘረዝሩ፣ ተማሪው ማን ምን እንዳደረገ እንኳ ሳይጨብጥ ይወጣል። የዐድዋን ጠዋት በቅደም ተከተል፣ ቦታውን በዓይነ ኅሊና እያሳዩ መተረክ ራሱ ከፍተኛ ችሎታ ነው፤ በትረካው ውስጥ የትኛውን አስቀድሞ የትኛውን እንደሚያስከትል የሚወስን ሰው ስለ ምክንያት አንድ አቋም ወስዷል። ስለዚህ ወንድሜ፣ ያ የጻፍከው ጽሑፍ የሚጣል አይደለም። ጋሼ የነገሩህን ጥያቄ መግቢያው ላይ አድርግና ከዚያው ትረካ ጥያቄህን የማይመልሰውን አውጣለት፤ የሚቀረው መከራከሪያህ ይሆናል።

ለሁለተኛ ዲግሪዬ በምሥራቅ ጎጃም የቃል ታሪክ ሰብስቤያለሁና ስለዚያም ልናገር። የመመረቂያ ጽሑፉን በቃል መረጃ ላይ መመሥረት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው፤ በመጨረሻው ገጽ የመረጃ ሰጪዎች ስም፣ ዕድሜ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቦታና ቀን ይዘረዘራል። ብዙ ተማሪ ግን ሽማግሌው የነገሩትን እንዳለ ገልብጦ ያስገባል፤ ሽማግሌም ልክ እንደ ዜና መዋዕል ጸሐፊው ምንጭ ናቸውና መጠየቅ አለባቸው።

አንድ ነገር ብቻ ላንሣ። በርስት አገር የትውልድ ሐረግ መቁጠር ለጨዋታ የሚደረግ ነገር አልነበረም። መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ጀምሮ በአባትም በእናትም ቆጥሮ መድረስ የቻለ ሰው ድርሻ ይጠይቅ ነበርና፣ ሐረጉ በዳኛ ፊት የሚቀርብ ማስረጃ ነበር። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ ዛሬ የሚነግሩህ ሐረግ ምናልባት አያታቸው ለሙግት ያሰናዱት ሊሆን ይችላል፤ ለክርክሩ የማይጠቅም ቅርንጫፍ ተቆርጦ፣ የሚጠቅመው ተጠብቆ። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ከሻረ በኋላ ደግሞ ሐረግ የመቁጠሩ ጥቅም በመቅረቱ፣ ከዚያ ወዲህ ያደጉት አያውቁትም። ይህን ካወቅህ ሐረጉን ትተወዋለህ ማለት አይደለም፤ ለማን፣ በየትኛው ሙግት፣ መቼ እንደተቆጠረ ትጠይቃለህ እንጂ። በደቡብ ኢትዮጵያ በቦረና ኦሮሞ ዘንድ ብትሠራ ጉዳዩ በሌላ መልክ ይመጣል፤ በዚያ የገዳ ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ስለሚተላለፍ፣ በየአባ ገዳው ስም የሚቆጠረው ዘመን የቃል ታሪክን በቅደም ተከተል ለማስቀመጥ የሚያስችል አጥንት ይሰጥሃል።

ሽማግሌዎችን አንድ ላይ ሰብስበህ ብቻ አትጠይቅ። በጉባኤ ታላቁ ይናገራል፤ ሌሎቹ ያጸድቃሉ። በየቤታቸው ስትሄድ ነው ልዩነቱ የሚወጣው። ሴቶችንም ጠይቅ፤ በእኔ ሥራ ስለ ረኃብና ስለ ስደት የተሻለ የነገሩኝ እነርሱ ነበሩ።

ነዋሪነቴ ሚኒሶታ

ከሩቅ ሆኜ አንድ ጥቆማ ብቻ። እ.ኤ.አ. በ1973 ተጀምሮ በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ያሉ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ያነሣው ሥራ ቅጂ በዚህ ግዛት በኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡትም ለእነዚህ መጻሕፍት ካታሎግ ነበር። ዛሬ ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹን በነፃ ተመዝግቦ በኢንተርኔት ማንበብ ይቻላል። ከመቅደላ ተወስደው በለንደን የሚገኙትም በከፊል በዚሁ መንገድ ተቀርጸው ተለቅቀዋል። እዚህ ኮሌጅ ስማር መምህሮቻችን በየሳምንቱ አንድ ዋና ሰነድ ሰጥተው ሁለት ገጽ ብቻ እንድንጽፍበት ያዙን ነበር፤ ወንድሜ በራስህ ፈቃድ ይህንኑ ብታደርግ፣ የመመረቂያ ጽሑፍህ ጊዜ ሲደርስ እጅህ ለምዶ ይጠብቅሃል።

የወረኢሉ ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መምህር፣ እርስዎ ስለ ስንቅ ያነሡትን ካነበብኩ በኋላ አንድ ነገር ታየኝ። የክተት አዋጁ ሠራዊቱ እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ከቶ እንዲገኝ ያዝዛል። ወረኢሉ ደግሞ የትውልድ አገሬ ናት። በጽሑፌ ውስጥ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ አልፌው ነበር። ያ ሁሉ ሰው፣ ፈረስና በቅሎ በአንዲት አነስተኛ ከተማ ሲሰበሰብ የአካባቢው ገበሬ ምን እንደሰጠ፣ በምን ሥርዓት እንደሰጠ የሚናገር ነገር አላነበብኩም። «የወረኢሉ ሕዝብ ለዐድዋ ድል ያበረከተው አስተዋጽኦ» የሚል ርዕስ ለመመረቂያ ጽሑፍ ይበቃ እንደሆነ ቢነግሩኝ?

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ ቦታው በጣም ጥሩ ነው፤ ርዕሱን ግን ለውጠው። «ያበረከተው አስተዋጽኦ» ስትል መልሱን አስቀድመህ ወስነሃል፤ ሕዝቡ እንዳበረከተና በፈቃዱ እንደሰጠ። ምናልባት በፈቃዱ የሰጠ ነበር፤ ምናልባት የተወሰደበትም ነበር፤ ከክፉ ቀን ገና ላላገገመ ሰው ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። «በ1888 ዓ.ም. በወረኢሉ አካባቢ የሠራዊት ስንቅ አሰባሰብና የገበሬው ግዴታ» ብትለው ሁለቱንም መልስ ለማግኘት ክፍት ትሆናለህ። ዘመኑንም ወደ ኋላ ትንሽ ዘርጋው፤ ወረኢሉ ከዐድዋ በፊትም የምኒልክ የጦር ከተማ ነበረችና፣ ገበሬው ለጦር ማቅረብ የጀመረው ያን ዓመት አይደለም።

ከጽሑፍ ምንጭ በዜና መዋዕሉ፣ በአሥራቱ ሥርዓት፣ በዚያ መንገድ ባለፉ የውጭ ተጓዦች ማስታወሻና ጣሊያኖች በጠላትነት በሰበሰቡት መረጃ ጀምር። የቃሉን በተመለከተ ዐድዋን ያየ ሰው ዛሬ የለም፤ የምታገኘው ከአያቱ የሰማ ሽማግሌ ነው። መምህርት እንደመከረችህ ያ ቃል በስንት አፍ አልፎ እንደደረሰ በእያንዳንዱ ቃለ መጠይቅ ጻፍ። የሰፈርና የመስክ ስሞችንም ጠይቅ፤ ሠራዊት የሰፈረበት ቦታ ብዙ ጊዜ ስሙን ይዞ ይቀራል።

ጥያቄህን በአንድ ገጽ ጽፈህ ለአማካሪህ ከፈተና በፊት አሳያቸው። ወደ አገር ቤት የምትሄደው ግን በክረምት አይሁን፤ ገበሬው በእርሻ ላይ ነውና አያነጋግርህም። የመኸሩ እህል ተወቅቶ ከገባ በኋላ፣ በጥር ሂድ።